ሲፓፑን አልቻልኩትም፤ ጥርስ ላይ የሚገባው መሣሪያ ለእንቅልፍ አፕኒያ ይሠራል?

ባለ18ጎማ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን የሰው ምክር ቸገረኝ።

47 ዓመቴ ነው፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ፣ ትራክ እነዳለሁ። ማንኮራፋቱ የቆየ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ ቀጥሎ በክርኗ ትጎሽመኝ ጀመር፣ አሁን ትራሷን ይዛ ሳሎን ከወጣች ሁለት ዓመት ሆናት። እናቴ አምና ልትጠይቀን መጥታ በሦስተኛው ሌሊት «ልጄን ዱካክ ይዞታል» ብላ ጠበል ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ጠዋት ቡና ላይ ያለችኝን ግን እስካሁን ሐኪምም አላለኝም፦ «ማንኮራፋቱስ ይሁን፣ አባትህም ያንኮራፋ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ዝም ስትል ነው። ዝም ትላለህ፣ እጠብቃለሁ፣ ትንፋሽ የለም። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትበረግጋለህ።»

እሱንም ችላ ብዬው ነበር። ኢንተርስቴት 81 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ እያለች፣ መንገድ ዳር ያለው ጎርበጥባጣ መስመር ቀሰቀሰኝ። ቀሰቀሰኝ ነው የምላችሁ፤ እያሽከረከርኩ ነበር።

ለመንዳት ለሚያስፈልገኝ የሕክምና ካርድ እድሳት ስሄድ መርማሪዋ አንገቴን በሜትር ለካች፣ ግፊቴን አየች፣ ለእንቅልፍ ምርመራ ላከችኝ። ቤት ወስጄ የምተኛበት መሣሪያ ሰጡኝ፤ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ መቆንጠጫ፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ። ውጤቱ የእንቅልፍ አፕኒያ፤ ትንፋሼ በሰዓት 24 ጊዜ ይቆራረጣል። ከዚያ ሲፓፕ፤ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን። አራት ወር ታገልኩ። ማስኩ አንድ ሌሊት ያፈሳል፣ አንድ ሌሊት አፌን ያደርቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በእንቅልፍ ልቤ ነቅዬ ወርውሬው አገኘዋለሁ። ማሽኑ ሲጠየቅ «በአማካይ ሁለት ሰዓት» ይላል። አይዋሽም።

አሁን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጥርስ ሐኪም የሚሠራው አለ» አለኝ። ጠይቄ ከ2000 ዶላር በላይ አሉኝ፣ የጥርስ ኢንሹራንሴ «እኛን አይመለከትም» አለ። ጥያቄዬ ይሠራል ወይ ነው። ካርዱን ለሚሰጡትስ ይበቃል? ጥርሴንስ አያበላሽም?


ጀበና_ሁለተኛ

ሳሎን የወጣችው እህታችን ትጻፍልን። የሁለት ዓመት ማስረጃ እሷ ዘንድ ነው ያለው 😄


ዶክተር_መንጋጋ

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ከሥራዬ ግማሹ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥቅሜ ያለበት ጉዳይ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ስንተኛ የጉሮሮና የምላስ ጡንቻ ይላላል። በጀርባው የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የላንቃው ለስላሳ ክፍልም አብሮ ይወርዳል። መተላለፊያው ሲጠብ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ማንኮራፋት ነው። ጭራሽ ሲዘጋ ድምፁ ይጠፋል፤ እናትህ የሰሙት ዝምታ እሱ ነው። ደረት ይታገላል፣ አየር አይገባም፣ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ለጥቂት ሴኮንድ ይቀሰቅስሃል። ጠዋት አታስታውሰውም። ቢያንስ 10 ሴኮንድ የቆየ መቋረጥ ወይም ጉልህ መቀነስ እየተቆጠረ ለሰዓት ይካፈላል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ያንተን በሰባት ሰዓት እንቅልፍ አባዛው፤ 168 ጊዜ።

መሣሪያውን ለመረዳት አሁን ተቀምጠህ አንድ ነገር ሞክር። የማንኮራፋት ድምፅ አውጣ። ከዚያ የታችኛውን ጥርስህን ከላይኛው ፊት ለፊት አስቀድመህ እንደገና ሞክር። ያስቸግርሃል። ምላስ በፊት በኩል የታሰረው ከአገጭ አጥንት ውስጠኛ ክፍል ላይ ስለሆነ መንጋጋ ሲጎተት ምላስም አብሮ ይመጣል። እኛ የምንሠራው ለላይና ለታች ጥርስ በልክህ የተቀረጸ ሁለት ሽፋን ነው፤ ሁለቱ ተያይዘው መንጋጋህን ሌሊቱን ሙሉ ወደፊት ይይዙታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፒየር ሮባን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንጋጋቸው ትንሽ ለሆነ ሕፃናት ይህንኑ አስቦ ነበር። ሲፓፕ ራሱ የመጣው በፈረንጆቹ 1980 ነው፤ ኮሊን ሳሊቫን ሲድኒ ውስጥ የቫኪዩም ክሊነር ሞተር አዙሮ አየር እንዲገፋ አደረገው። ከዚያ በፊት አፕኒያው ለጠናበት ሰው የነበረው መፍትሔ አንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት ነበር። ስለዚህ ማስኩን ስትረግመው ይህንንም አስብ።

ቁጥሩን በማውረድ ሲፓፕ ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። ነገር ግን ሲፓፕ የሚሠራው ፊት ላይ ሲሆን ነው። በ2013 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሁለቱን ለአንድ አንድ ወር አወዳድሮ፣ ሲፓፑ ትንፋሽ መቆራረጡን ይበልጥ ቢያወርድም የደም ግፊቱና የቀን ድካሙ ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል፤ ሰዎቹ የአፉን መሣሪያ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚያደርጉት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞችና የእንቅልፍ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት በ2015 ባወጡት የጋራ መመሪያም ሲፓፕ ላልቻለ ወይም ሌላ ለሚመርጥ አዋቂ ይህ ይታዘዝ ይላሉ፤ በልክ የተሠራና የሚስተካከል ከሆነ፣ ከዚያም በኋላ ዳግም ምርመራ ከተደረገ።

ይህን የመጨረሻውን ሐረግ አስምርበት። የምመለስበት ነው።


ርካሹ

ይቅርታ ዶክተር፣ ሁለት ሺህ ዶላር ለፕላስቲክ? እኔ በኦንላይን 40 ዶላር ገዛሁ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ ነከስኩ፣ ተቀረጸ፣ ተኛሁ። ማንኮራፋቴ ቆመ። ሚስቴ ምስክር ናት። የቀረው የቢሮ ኪራይ ክፍያ ነው።


ሲያትል_ማታ

@ርካሹ ወንድሜ፣ አታስደንግጪኝ በለኝ እንጂ የታላቅ ወንድሜን ታሪክ ልንገርህ።

እሱም እንዳንተው በፈላ ውሃ የሚቀረጸውን ገዛ። ማንኮራፋቱ ጠፋ፣ ቤቱ ሰላም ሆነ፣ እኛም ዳነ ብለን ደስ አለን። ግፊቱ ግን አልወርድ አለ፣ ቀን ቀን ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ሐኪሙ ያችኑ ፕላስቲክ አፉ ውስጥ አድርጎ እንዲመረመር አዘዘ። ያለመሣሪያው 31 የነበረው በመሣሪያው 26 ሆኖ ተገኘ። ድምፁ ነው የጠፋው እንጂ ትንፋሹ እንደተቆራረጠ ነበር! ስድስት ወር ሙሉ ሚስቱ ሳትሰማው ነበር የሚታፈነው። ድሮ ቢያንስ ስትሰማው ትቀሰቅሰው ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፣ አላሰብኩም።


ዶክተር_መንጋጋ

@ሲያትል_ማታ እህቴ፣ ልመለስበት ያልኩትን አንቺ ጨረስሽው። ማንኮራፋት ጭስ ነው፤ ጭሱን በማራገቢያ ማባረር ይቻላል፣ እሳቱ ግን እዚያው ነው። በልክ የተሠራው መሣሪያም ቢሆን ሳይለካ ሠራ አይባልም። እኔ ራሴ ማንኮራፋታቸው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ቁጥራቸው ያልወረደ ሰዎች አይቻለሁ፤ ወደ ሲፓፕ መለስኳቸው።

@ርካሹ ያንተ ምናልባት አፕኒያ የሌለበት ማንኮራፋት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያውኑ ተመርምረህ ነበር?


ርካሹ

አልተመረመርኩም።

ነገ እደውላለሁ። አትጨቅጭቁኝ።


የቢሊንግ_ልጅ

የገንዘቡን ለእኔ ተዉት፣ ሥራዬ ነው።

ወንድሜ ባለ18ጎማ፣ የጥርስ ኢንሹራንስህ እውነቱን ነው። አፕኒያ የጥርስ በሽታ ስላልሆነ የሚከፍለው የሕክምና ኢንሹራንስህ ነው፤ መሣሪያው የሚመዘገበው ከዊልቸርና ከኦክስጅን ማሽን ጋር ነው። ስትደውል «ኢ0486 ይሸፈናል?» በል። በልክ የተሠራው የአፕኒያ መሣሪያ መለያ ቁጥር ነው፤ ስሙን ስትነግራቸው ስልኩን ወደ ጥርስ ክፍል ይመልሱብሃል፣ ቁጥሩን ስትነግራቸው ዝም ብለው ይፈልጋሉ።

ወላጅ ላላችሁ፣ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) የሚፈልገው ይህ ነው፦ ሐኪም አይቶ ያዘዘው የእንቅልፍ ምርመራ፣ ቀጥሎ የሐኪሙ ማዘዣ፣ ከዚያ ፈቃድ ያለው የጥርስ ሐኪም። ቁጥሩ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያልፋል። ከ5 እስከ 14 ከሆነ የቀን እንቅልፍ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ችግር ወይም የመሳሰለው መጻፍ አለበት። ከ30 በላይ ከሆነ ሲፓፕ አለመቻሉ ወይም የማይስማማው መሆኑ መጻፍ አለበት። ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የሚያጣው ሰዎች ገና ሳይመረመሩ መሣሪያውን አሠርተው ስለሚመጡ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ማንም አያድናችሁም።


ኮንቦይ

እኔም ሾፌር ነኝ፣ ዳላስ። ስለ ካርዱ ልመልስ። አፕኒያን ብቻ የሚመለከት የፌዴራል ደንብ የለም፤ ፍርዱ የመርማሪው ነው። ካርድ ቢበዛ ለ24 ወር ይሰጣል፣ አፕኒያ ያለብን ግን አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ነው የምንመላለሰው። መርማሪው የሚፈልገው «ታደርገዋለህ ወይ?» የሚለውን በወረቀት ነው። ሲፓፑ ራሱ ይመሰክርልሃል (ወይም ይመሰክርብሃል፤ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ ነው የሚሉት)። ፕላስቲኩ አፍ የለውም። ስለዚህ ስታሠራ ሙቀት የሚመዘግብ ቺፕ ይግባበት በል። አፍህ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይቆጥራል። መርማሪህ ይህንን ይቀበል እንደሆነ ከማሠራትህ በፊት ጠይቅ፤ እኔ የመጀመሪያው አልቀበልም ብሎኝ ሌላ ፈለግኩ።

ሌላው፣ ይህ መሣሪያ መብራት ስለማይፈልግ ትራኩ ውስጥ ሲተኛ ኢንቨርተር የለ፣ ባትሪ ማለቅ የለ። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።


ሀገር_ቤት_ጥርስ

አዲስ አበባ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ኢንቨርተር ስትሉ ሳቄ መጣ፤ እኛ ዘንድ መብራት ሌሊት ሲጠፋ ሲፓፕ ያደረገ ሰው ማስኩን ነቅሎ እየተሳደበ ነው የሚነሳው። ከውጭ ዘመድ የላከላቸው አሉ፤ ማስኩ ሲያረጅ መለዋወጫ ስለማያገኙ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተረሳ ዕቃ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

እኛ አክሪሊክ መሥራት አያቅተንም፣ ጥርስ ለሚያፋጩ ሰዎች በየቀኑ እንሠራለን። የሚያቅተን ከፊቱና ከኋላው ያለው ነው፤ ምርመራው። «አንኮራፋለሁ፣ ያንን ፕላስቲክ ሥራልኝ» የሚል ሲመጣ ሳልለካ ብሠራ የሲያትሏ እህት ወንድም ላይ የደረሰውን እኔ አደረስኩት ማለት ነው። እመልሰዋለሁ፣ ይቀየመኛል።


የወንጂዋ

ጥያቄ አለኝ፣ ሞኝ እንዳትሉኝ። ያደግኩት ወንጂ ነው። ጥርሴ ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ያመጣው ነው፣ ቡናማና የተቆራረሰ። ክብደቴ 58 ኪሎ፣ ቀጭን ነኝ፤ አፕኒያ አለብሽ ሲሉኝ የሰው ወረቀት የሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ቁጥሬ 13 ነው። በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ይህ ነገር ይቀመጣል?


ዶክተር_መንጋጋ

@የወንጂዋ ሞኝ ጥያቄ አይደለም እህቴ። አፕኒያ የወፍራም ሰው ብቻ በሽታ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ መንጋጋው ትንሽ ወይም ወደ ኋላ የገባ ቀጭን ሰው ሞልቷል። እንዲያውም መሣሪያው ይበልጥ የሚሠራላቸው እንዳንቺ ያሉት ናቸው፦ ክብደታቸው ያልበዛ፣ ቁጥራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ፣ በጀርባ ሲተኙ የሚብስባቸው።

የፍሎራይዱ ቀለም ብቻውን አይከለክልም። የሚታየው ጥርሱ ጠንካራ ነው ወይ፣ ድዱ ይዞታል ወይ ነው። የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም የሚደማ ድድ ካለ መጀመሪያ ያ ይታከማል፤ መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ጥርስን ይጎትታልና። የሚፈረፈር ካለ ተሞልቶ ወይም ተሸፍኖ ከዚያ ልክ ይወሰዳል። ቅደም ተከተሉን አታገላብጪ፤ መሣሪያ ከተሠራ በኋላ ጥርስ ከተሞላ ልኩ ይጠፋል። ጥርሳቸው ላለቀ ሰዎች ደግሞ ምላስን ብቻ በመሳብ ይዞ የሚያቆይ ሌላ ዓይነት አለ፤ ለመልመድ ግን ያስቸግራል።


ጋሽ_ታክሲ

ልጆቼ፣ 68 ዓመቴ ነው፤ መሣሪያውን ስድስት ዓመት አደረግሁት። ዶክተሩ ጥሩ ብለዋል፣ ግን ስለ ጥርስ መለወጥ ልጁ ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም።

ይለውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሃጭ እንደ ሕፃን፣ ጠዋት ጆሮ ሥር ሕመም፤ ያ ይሄዳል። የማይሄደው ሌላ ነው። ወደ ሁለተኛው ዓመት ላይ ጠዋት የኋላ ጥርሶቼ አልገጥም አሉኝ። እስከ ምሳ ይመለሱ ነበር። በአራተኛው ዓመት መመለሱን ተዉት። ድሮ የላይኛው የፊት ጥርሴ የታችኛውን ሸፈን ያደርገው ነበር፤ አሁን ጫፍ ለጫፍ ናቸው። ቁርጥ ስበላ የማኝክበት ቦታ ተቀይሯል፤ እንጀራ ምንም አይለውም።

ሐኪሜ ጠዋት ጠዋት የምነክሳት ትንሽ ፕላስቲክ ሰጥታኝ ነበር፤ መንጋጋን ወደ ቦታው የምትመልስ። አንድ ሁለት ወር አደረግኋት፣ ከዚያ ሰነፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማስቲካ አኝክ ስትለኝም ቆሎ ይሻላል ብዬ ቆሎ ጀመርኩ፣ አንድ ሙሌት ሰበርኩ።

ታዲያ ለምን አልተውከውም ብትሉኝ፣ ከመሣሪያው በፊት ሌሊት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሳ ነበር፤ ፕሮስቴት ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። አፕኒያው ነው ለካ። አሁን አንድ ጊዜ። በጥርሴ ለወጥኩት በሉት።


ባለ18ጎማ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። የሽንቱን ነገር ሲያነሱማ ደነገጥኩ፤ እኔም ሦስቴ እነሳለሁ፣ ቡናው ነው እያልኩ።


ፍሬሕይወት_ኦሃዮ

ጥቁር አዝሙድ በማር ሞክሩ። የእኔ አባት አፍንጫው ተከፍቶለታል።


ዶክተር_መንጋጋ

አፍንጫ መከፈቱ ጥሩ ነው እህቴ፣ መሣሪያውም ሲፓፑም ይበልጥ ይመቻል። የሚዘጋው ግን ከምላስ ኋላ ነው፤ አዝሙድ እዚያ አይደርስም።


ጀበና_ሁለተኛ

መርፌውስ? ክብደት የሚቀንሰው። ለአፕኒያ ተፈቀደ ሲሉ ሰምቻለሁ።


ሲያትል_ማታ

ዜፕባውንድ የሚባለው ነው። በታኅሣሥ 2024 በፈረንጆቹ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቅዶታል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላላቸውና አፕኒያቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነ አዋቂዎች። ግን ጊዜ ይፈጃል። ኪሎው እስኪወርድ ድረስ ሌሊቱን በምን ልታልፈው ነው?


ባለ18ጎማ

ከአምስት ወር በኋላ ተመለስኩ። ጠፋ እንዳትሉኝ፣ መልሱ በእጄ እስኪገባ ነበር።

የቢሊንጓ እህት ተባረኪ። በቁጥሩ ስደውል ተገኘ፤ ከኪሴ የወጣው መጀመሪያ ከተባልኩት ከግማሽ በታች ነው። የጥርስ ሐኪሟ አፌን በካሜራ ቃኘች፣ መንጋጋዬ ወደፊት ስንት ሚሊሜትር እንደሚሄድ ለካች፣ ከዚያ በግማሹ ላይ ጀመርን። ከፍ ለማድረግ ትንሽ ቁልፍ አለችው። በሳምንት ሁለቴ አዙር ተባልኩ፤ እኔ ቸኩዬ በአንድ ሌሊት አራት ዙር አዞርኩና ጠዋት ዳቦ መንከስ አቃተኝ። ተቆጣችኝ፣ መለስን፣ በቀስታ ሄድን። ሁለት ወር ገደማ ፈጀ።

ዳግም ምርመራ፣ መሣሪያው አፌ ውስጥ እያለ፣ 24 የነበረው 8። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ሐኪሙ ወረቀቱን ገልብጦ አሳየኝ። በጎን ስተኛ 4፣ በጀርባ ስተኛ 17። ስለዚህ የልጄን የቴኒስ ኳስ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ቲሸርቴ ጀርባ ላይ ሰፋሁት። በጀርባዬ ልገለበጥ ስል ይወጋኛል። የ47 ዓመት ሙሉ ሰው በዚህ መልክ ሲተኛ ብታዩት ትስቁ ነበር፤ ባለቤቴማ ሳቀች። ከሳሎን መጥታ።

ቺፑ በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ይላል። መርማሪዋ ተቀብላው የአንድ ዓመት ካርድ ሰጠችኝ። ሽንቱ ወደ አንድ ወርዷል። ጠዋት የምትነከሰውን ፕላስቲክም መሪው ላይ ሆኜ ዕቃ እስኪጭኑልኝ እነክሳታለሁ፤ የጋሽ ታክሲ ጥርስ ዓይኔ ላይ እየመጣ።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ጠበሉ ነው» አለች። አልተከራከርኩም።


ጋሽ_ታክሲ

ተመስገን ልጄ። ቆሎውን ግን ተው።


የወንጂዋ

እኔም ሦስት ጥርስ አስሞልቼ ጨረስኩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልክ ይወሰዳል። መሣሪያውን በምንድነው የምታጥቡት?


ዶክተር_መንጋጋ

በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀላል ሳሙና ጠብ አድርገሽ። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል። ሲደርቅ ሳጥኑ ውስጥ ይከደን።


ርካሹ

ሳጥኑን ስታነሱ ጥያቄ ልጠይቅ።

እኔም ተመርምሬ ነበር፤ 19። እነሆ የተናቀውን ሁለት ሺህ ዶላር ከፍዬ አሠራሁ፣ ኢንሹራንሱም ከፊሉን መለሰልኝ፣ ሦስት ሳምንት እንደ ንጉሥ ተኛሁ። ትናንት ኮመዲኖ ላይ ክፍቱን ትቼው ሥራ ሄድኩ። ውሻችን በላው። የላይኛው ተርፏል፣ የታችኛው የለም። ኢንሹራንስ ይተካል?


የቢሊንግ_ልጅ

ሜዲኬር የመሣሪያውን ዕድሜ 5 ዓመት ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ የአብዛኞቹም ተመሳሳይ ነው። በአደጋ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ግን በልዩ ሁኔታ የሚታይበት መንገድ አለ። የሆነውን በጽሑፍ አድርግ፣ የቀረውን ቁራጭ ፎቶ አንሳ፣ የጥርስ ሐኪምህም ደብዳቤ ይጻፍ። ደግሞ ውሻውን ሐኪም አሳየው፣ ብረት ያለበት ነገር ነው የዋጠው።


ርካሹ

አሳየሁት፤ ወጣለት፣ ደህና ነው። እሱ መኝታ ቤት ነው የሚተኛው። ሳሎን የተላክሁት እኔ ነኝ።